ታይሮይድና የጨው ዕቃው ክዳን

ስለ ሆርሞን ሲነሳ ወሬው ሁሉ ወደ ስኳር በሽታና ወደ ጉርምስና ያደላል። ቆሽትም፣ አድሬናልም፣ የዘር እጢዎችም ሆርሞናቸውን በቀጥታ ወደ ደም ይለቃሉ፤ ሆርሞኑም ደሙን ተከትሎ ሩቅ ሄዶ ሥራውን ይሠራል። ይህን ማንም ያውቀዋል። እኔ የማስተዋውቃችሁ ከማንቁርት ዝቅ ብላ የአየር ቧንቧን በሁለት ክንፎቿ ያቀፈችውን ታይሮይድን ነው። በአዋቂ ሰው ላይ ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው። ልብ በሚመታበት ፍጥነት፣ ሰውነት በሚያመነጨው ሙቀት፣ አንጀት ምግብን በሚገፋበት አኳኋን፣ በሕፃን አንጎል እድገት ሁሉ እጇ አለበት። የበርኑ ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር እጢዋን ጨርሶ ያወጣላቸው ሕሙማን እየፈዘዙና እየደነዘዙ ሲሄዱ ተመልክቶ ያለ እሷ በጤና መኖር እንደማይቻል አስረዳ፤ በ1909 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በታይሮይድ ላይ በሠራው ሥራ ነው።

ታይሮይድ በራሷ ፈቃድ ብቻ አትሠራም። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ በደም ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ቲኤስኤች የተባለውን ሆርሞን ትጨምራለች፤ ሲበዛ ትቀንሳለች። ሐኪም ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያስመረምረውም ይህንኑ ነው። ቲኤስኤች ከፍ ሲል በአብዛኛው ታይሮይድ ደክማለች ማለት ነው። ስንቱ ታካሚ ግን ወረቀቱን አይቶ «ታይሮይዴ በዝቷል» እያለ ሲጨነቅ ሰምቻለሁ! የጎደለውን ሆርሞን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን የታዘዘላችሁም አደራ፣ ክኒኑን በባዶ ሆድ በውሃ ዋጡት፤ ቡናው ይቆይ፣ ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያውከዋል። «ተሻለኝ» ብላችሁም አታቋርጡ። ሆርሞኑ ከደም እስኪያልቅ ሳምንታት ስለሚወስድ፣ ማቋረጥ የሚያስከትለው ጉዳት ዘግይቶ ነው የሚታየው።

አገራችን ይህችን እጢ በይበልጥ የምታውቃት በሕመሟ፣ በእንቅርት ነው። መከራ ሲደራረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንላለን። አንገታቸውን ከተነቀሱት እናቶቻችን መካከል ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርት እንዳይወጣባቸው ብለው የተነቀሱ አሉ። ዛሬም ፊደል የቆጠረው ሳይቀር «እንቅርት መልክ ከማበላሸት በቀር ምን ያደርጋል?» ይላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ አነጋገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታይሮይድ ያለ አዮዲን ሆርሞን መሥራት አትችልም። ዋናው ሆርሞኗ ታይሮክሲን በእያንዳንዱ ሞለኪውል አራት የአዮዲን አተሞች አሉት፤ አንዱ ሲነሳለት ይበልጥ ኃይለኛ የሆነው ቲ3 ይሆናል። ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ለዘመናት ባጠበው ደጋ ደግሞ ከመሬቱ የሚገኘው አዮዲን ጥቂት ነው፤ እህሉም የሚይዘው ያንኑ ጥቂት ነው። አዮዲን ሲጠፋ ሆርሞኑ ያንሳል። ፒቱታሪ ማነሱን አይታ ቲኤስኤች ታበዛለች። ታይሮይድም ትእዛዙን ተቀብላ ሕዋሶቿን እያበዛች ታድጋለች። ግን ጥጥ በሌለበት እንዝርት ቢበዛ ፈትል ከየት ይመጣል? አንገቱ ያብጣል፣ ሆርሞኑ ግን እንደ ጎደለ ይቀራል። ሌላ መንስኤ ያለው፣ እንዲያውም ሆርሞን ከልክ በላይ የሚያመነጭ እንቅርትም ስላለ ማንኛውም የአንገት እብጠት በሐኪም መታየት አለበት።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት በአንገት ላይ አይታይም። ጽንስ የራሱ ታይሮይድ ሥራ እስክትጀምር ድረስ አንጎሉ የሚገነባው በእናቱ ሆርሞን ነው። በዚያ ወቅት በጽኑ እጥረት የደረሰ ጉዳት በኋላ አይጠገንም። የዓለም ጤና ድርጅት የአዮዲን እጥረትን፣ መከላከል ከሚቻሉት የአንጎል ጉዳት መንስኤዎች ሁሉ ዋነኛው ይለዋል።

መፍትሔው ደግሞ ርካሽ ነው። ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም አዮዲን ይበቃል። የአዋቂው መጠን ለሰባ ዓመት ቢጠራቀም እንኳ 4 ግራም አይሞላም። እንቅርት ያስጨንቃት የነበረችው የኮኸር አገር ስዊዘርላንድ በ1922 እ.ኤ.አ. ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ጀመረች። ኢትዮጵያም በ2011 እ.ኤ.አ. የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አውጥታለች።

ቀሪው የእኛ ጥንቃቄ ነው። በአንድ ገበያ አፉ የተከፈተ ጆንያ ሙሉ ጨው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አይቼ ሻጯን «እናቴ፣ ይሄ ጨው አዮዲን አለው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ጨው እኮ ነው! ጨው ደግሞ ምን ይጎድለዋል?» አሉኝ። በእሳቸው አልፈርድም፤ የነገራቸው የለም። እኛ ግን እየሰማን ችላ እንላለን። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በሙቀት ይባክናል። ስለዚህ ስትገዙ አዮዲን እንዳለው ማሸጊያውን አንብቡ፤ ጨዉን በደረቅ ዕቃ ከድናችሁ ከምድጃው አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። አዮዲን አለው ብላችሁም ጨው አታብዙ፣ በልኩ ይበቃል። በቤታችሁ ነፍሰ ጡር ካለች ይህን ለነገ አትበሉ።