የሮማን ዱቄትና የቆሰለ አንጀት

ሸማ ተራ ገብቶ ነጠላ የሚገዛ ሰው የነጋዴውን ቃል ብቻ ይዞ አይወጣም። ጥለቱን በረጠበ ጣቱ አሸት አድርጎ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ያያል፤ ከጎን ካለው ሱቅ ሸማ ጋርም ያስተያያል። እዚያው መርካቶ ውስጥ፣ ለሆዱ ብሎ የታሸገ የፍራፍሬ ዱቄት ሲገዛ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄው የት እንደሚገባ እንጃ።

የዛሬው ርዕሳችን የአንጀት መቆጣት በሽታ ነው። ሐኪሞች በሁለት ዋና ዋና ስሞች ይጠሩታል፤ ክሮንስና አልሰራቲቭ ኮላይቲስ። የአንድ ሰሞን ተቅማጥ አይደለም። የሰውነት መከላከያ ራሱ አንጀትን እየተዋጋ ያቆስለዋል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ቁርጠት፣ ክሳትና ድካም ለወራት ይመላለሳል። በአገራችን አሜባ ነው፣ የአንጀት ቲቢ ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ የሚባክንበት ሕመምተኛ አለ። በደንብ የሚለየው በኮሎኖስኮፒ ታይቶ፣ ከአንጀቱም ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። «የፈረንጅ በሽታ» የሚሉትም አሉ። ነገር ግን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በሄዱ ወገኖች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ እዚያ ዓመታት ከኖሩ በኋላ በሽታው ይታይባቸው እንደጀመረ አሳይተዋል። አኗኗርና አመጋገብ ድርሻ አላቸው የሚባለውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ታዲያ ፍራፍሬ ይረዳ ይሆን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሳይንቲስቶችም ጠይቀውታል። ችግሩ በሽታው በራሱ ጊዜ የሚነሳ፣ በራሱም ጊዜ የሚበርድ መሆኑ ነው። ሰው ዱቄቱን የሚገዛው ሕመሙ ሲብስበት ነው፤ ከሳምንታት በኋላ ሲበርድለት ምስጋናውን ለዱቄቱ ይሰጣል። ሳይወስደውስ ይበርድለት ነበር ወይ? ይህን ከአንድ ሰው ታሪክ ማወቅ አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ከስዊዘርላንድ የወጣ አንድ ጥናት፣ ኮላይቲስ ያለባቸው 13 ሰዎች ቢልቤሪ ከሚባል ሰማያዊ የዱር ፍሬ የተዘጋጀ ምግብ ለ6 ሳምንት በየቀኑ እንዲወስዱ አደረገ። አብዛኞቹ ተሻላቸው። በሰገራቸው ውስጥ የአንጀት መቆጣትን የሚያሳየው ካልፕሮቴክቲን የተባለ ንጥረ ነገርም ቀነሰ። ፍሬውን ሲያቆሙ ግን ተመልሶ ጨመረ። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ሆኖም ጎን ለጎን የሚነጻጸር ሌላ ቡድን አልነበረም። ከዓመታት በኋላ እነዚሁ ተመራማሪዎች የፍሬውን ጭማቂ ይዘት መድኃኒት ከሌለበት አምሳያው ጋር ሲያስተያዩት፣ የሰገራው ምርመራ መሻሻል ቢያሳይም በሕመምተኞቹ ስሜት ላይ የታሰበው ልዩነት በበቂ አልተረጋገጠም።

ሮማንም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የኢራን ጥናት 78 የኮላይቲስ ሕመምተኞችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ከሮማን ልጣጭ የተዘጋጀ ሽሮፕ፣ ግማሾቹ አምሳያውን ለ4 ሳምንት ጠጡ። ሮማን የጠጡት በመጠኑ የተሻለ ውጤት አሳዩ። አምሳያውን ከጠጡትም መካከል ግን የተሻላቸው ነበሩ! ልዩነቱም በአጋጣሚ ሊመጣ አይችልም ለማለት የሚያበቃ አልሆነም። ልብ በሉ፣ የተፈተነው ልጣጩ ነው፤ ጁሱ አይደለም፣ በየሱቁ ያለው ዱቄትም አይደለም።

ሮማን በቁርኣን በስሙ ከተጠቀሱት ፍራፍሬዎች አንዱ ነው፤ ይህንኑ ለገበያ ማድመቂያ የሚያደርጉትም አይጠፉም። ኒዕማነቱን ማንም አይጠራጠርም። ጣሳው ውስጥ ምን ያህል አለ፣ ከምን ጋር ተቀላቅሏል፣ በማን ላይ ተፈተነ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱንም ከሻጩ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ከሁሉ የሚያሰጋን ዱቄቱን ተማምኖ መድኃኒት የሚያቆመው ወገን ነው። ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት ሲወስድ የቆየ ሰው በድንገት ቢያቆም ለሕይወቱ ያሰጋዋል፤ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት። ሰልፋሳላዚን የመሳሰሉትንም «ተሽሎኛል» ብሎ መተው የበረደውን በሽታ መልሶ ሊቀሰቅስ ይችላል። በክሮንስ አንጀቱ የጠበበበት ሰው ደግሞ ልጣጭና ፍሬ የበዛበት ነገር ቢወስድ አንጀቱ ሊዘጋበት ይችላል። ስለዚህ ዱቄቱን የገዛችሁ ካላችሁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ጣሳውን እንዳለ ይዛችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ። መድኃኒታችሁን ሳታቋርጡ የጀመራችሁበትን ቀን፣ በቀን ስንቴ እንደምትቀመጡና ደም መኖር አለመኖሩን በወረቀት መዝግቡ። ደሙ ከበዛ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ሆድ ተነፍቶ ጋዝ እንኳ አልወጣ ካለ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሂዱ።