ደብተር ላይ የቀረ እንግሊዝኛ

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ከተማሪዎቼ የሚበዙት ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ናቸው። የሁሉም የቃላት ደብተር አንድ ዓይነት ነው፦ ገጹ መሃል ለመሃል ተሰምሮ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺው ይደረደራል። ፍቺውን ስጠይቃቸው አንዱንም አይስቱም። ዓረፍተ ነገር ሥሩበት ስል ግን ሁሉም ያቀረቅራል።

በቅርቡ «ስኬርስ» (እንደ ልብ የማይገኝ) የሚለውን ቃል ሰጠኋቸው። አንዷ ልጅ «ዋተር ኢዝ ስኬርስ» ብላ ጽፋ ደብተሯን ዘጋች። ሰዋስዉ ልክ ነው። ነገር ግን «ስኬርስ»ን አውጥተን «ጉድ» (ጥሩ) ብናስገባበትም ያው ይሄዳል፤ ስለዚህ ቃሉን ማወቋን አያሳይም። «የት ነው የጠፋው? ጠፍቶስ ምን አደረጋችሁ?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ዋተር ኢዝ ስኬርስ ኢን አወር ብሎክ፣ ሶ ማይ ብራዘር ኤንድ አይ ካሪ ጄሪካንስ አፕ ቱ ዘ ፎርዝ ፍሎር» አለች፤ በብሎካችን ውሃ እንደ ልብ ስለማይገኝ እኔና ወንድሜ ጄሪካን ተሸክመን አራተኛ ፎቅ እንወጣለን ማለቷ ነው። እዚህ ላይ «ጉድ» ቢገባ ክፍሉ ሁሉ ይስቃል።

ፍቺማ ሞልቷል። የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ከታተመ (እ.ኤ.አ. 1973) ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬ ደግሞ ስልኩም ይተረጉማል። ፍቺ ብቻውን ግን ያሳስታል። «ዲሲዥን» ውሳኔ መሆኑን የሸመደደ ልጅ፣ በአማርኛ ውሳኔ የሚሰጥ ስለሆነ፣ «ሂ ጌቭ ኤ ዲሲዥን» ይላል። እንግሊዝኛው የሚፈልገው «ሜድ» ነው። ስለዚህ ቃሉን ለብቻው ማስጻፍ ትቻለሁ፤ «ሜክ ኤ ዲሲዥን»፣ «ፔይ አቴንሽን» እያልን ከነባልንጀራው እንይዘዋለን። በቀን ከአምስት ቃል አናልፍም። ሃያ ይሁንልን የሚሉ ወላጆች አሉ፤ እኔ አልስማማም።

በልጆቹ አልፈርድም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ምርጫ ነው፤ ዓረፍተ ነገር ጻፍ የሚል የለበትም። ይሁን እንጂ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ልጁ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም የሚመልሰው በዚሁ ቋንቋ ነው፤ እዚያ ደግሞ «አብራራ» የሚል ጥያቄ አይቀርም።

ወላጆች፣ ልጃችሁን «ዛሬ ስንት ቃል ያዝክ?» አትበሉት። ከያዘው አንዱን መርጦ ስለ ብሎካችሁ ወይም ስለ ታክሲ ሰልፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሥራ። እንግሊዝኛ ባትችሉ በአማርኛ ያስረዳችሁ። አማርኛው ስሜት ካልሰጣችሁ እንደገና ይጻፈው።