ድምፅ ሰጪው የሚሊየነሩን ኪስ ሲዳብስ

የአሜሪካ ምርጫ በተነሣ ቁጥር ወሬው ማን አሸነፈ፣ ማን ወደቀ የሚለው ነው፡፡ ነጋዴ ግን ከአሸናፊው ስም ይልቅ በማግሥቱ የሚመጣውን ሂሳብ ይጠይቃል፡፡ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የምትገኘው የማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 2022 (ጥቅምት 29 ቀን 2015 ዓ.ም.) ያካሄደችው የአጋማሽ ዘመን ምርጫ በዚህ ዓይን ቢታይ ብዙ ያስተምራል፡፡ በዚያ ቀን ግዛቲቱ አዲስ አገረ ገዥ መርጣለች፡፡ ገበያውን ያንቀሳቀሰው ግን አገረ ገዥዋ አልነበሩም፡፡ በዚያው የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የሰፈረች አንዲት ጥያቄ ነበረች፡፡ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ወንበሩ ያለ ትግል ተገኘ

በመጀመሪያ የወንበሩን ነገር እንጨርስ፡፡ ከ2015 ጀምሮ ግዛቲቱን የመሩት ሪፐብሊካኑ ሚስተር ቻርሊ ቤከር ለሦስተኛ የሥልጣን ዘመን አልወዳደርም ብለው ነበር፡፡ ዴሞክራቷ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሞራ ሂሊ የሪፐብሊካኑን ዕጩ ጄፍ ዲልን በሰፊ ልዩነት አሸንፈው በማሳቹሴትስ ታሪክ በሕዝብ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት አገረ ገዥ ሆኑ፡፡ ለአሜሪካ ምክር ቤት የተደረጉትን ዘጠኝ ውድድሮችም ዴሞክራቶች ጠቅልለው ወሰዱ፡፡ የግዛቲቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ቀድሞም በእጃቸው ስለነበር፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ሙሉ ሥልጣን በአንድ ፓርቲ እጅ ገባ፡፡ ይህን ሁሉም አስቀድሞ የገመተው ስለነበር ነጋዴውን አላስደነገጠም፡፡

ያልተገመተው የጥያቄ ቁጥር 1 ዕጣ ነበር፡፡ ጥያቄው በአጭሩ፣ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያገኝ ሰው ከሚሊዮኑ በላይ ባለው ገቢው ላይ 4 በመቶ ተጨማሪ ግብር ይክፈል የሚል ነው፡፡ እኛ በጉምሩክ በር የምናውቀው ሱር ታክስ በዕቃ ላይ የሚጣል ሲሆን ይኼኛው በገቢ ላይ የሚጣል ነው፡፡ ውጤቱ 52 ለ48 ሆኖ ጥያቄው አለፈ፡፡

ስልሳ ዓመት የፈጀ ጥያቄ

የማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት ከ1915 ጀምሮ ለአንድ ዓይነት ገቢ አንድ ወጥ የግብር ምጣኔ እንዲኖር ያዛል፡፡ የደመወዝተኛውም የቱጃሩም ምጣኔ ከ2020 ወዲህ 5 በመቶ ነበር፡፡ ገቢው ከፍ ባለ ቁጥር ምጣኔውም ከፍ ይበል የሚሉ ወገኖች በ1962፣ በ1968፣ በ1972፣ በ1976 እና በ1994 ለሕዝብ ድምፅ አቅርበው አምስቱንም ጊዜ ተሸንፈዋል፡፡ በ2018 ስድስተኛ ሙከራ ሲያደርጉ ደግሞ የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግብር መጣልንና ገንዘቡን ለተወሰነ ሥራ መመደብን በአንድ የሕዝብ ጥያቄ ማጣመር አይቻልም ብሎ ከድምፅ መስጫው ወረቀት አስወጣው፡፡ እነርሱም መንገዱን ለውጠው በምክር ቤቱ በኩል መጡ፡፡ ሁለት ተከታታይ ምክር ቤቶች ካጸደቁት በኋላ ጉዳዩ ለ2022ቱ መራጭ ቀረበ፡፡

ገንዘብም ሳይቆጠብ ፈሰሰ፡፡ በድጋፉ ወገን የመምህራን ማኅበራት ዋነኞቹ ከፋዮች ነበሩ፡፡ በተቃውሞው ወገን የኒው ባላንስ ጫማ ኩባንያ ባለቤት ጂም ዴቪስና የኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ባለቤት ሮበርት ክራፍት ይገኙበታል፡፡

የአንድ ቀን ሚሊየነር

ክርክሩ በሀብታምና በድኻ መካከል ብቻ የተካሄደ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል፡፡ የነጋዴው እውነተኛ ሥጋት ግን ሌላ ነበር፡፡ ሕጉ የሚጠይቀው ሰውየው ምን ያህል ሀብት አለው ብሎ አይደለም፤ በዚህ ዓመት ስንት አገኘ ብሎ ነው፡፡ ሠላሳ ዓመት ጋራዥ ወይም ዳቦ ቤት ሲያሠራ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ንግዱን የሚሸጥ ሰው በሕይወቱ ለአንድ ዓመት ብቻ ሚሊየነር ይሆናል፡፡

በቁጥር እንየው፡፡ አንድ ሰው ንግዱን ሸጦ 3 ሚሊዮን ዶላር ተጣራ ቢያተርፍ በቀድሞው 5 በመቶ ለግዛቲቱ የሚከፍለው 150 ሺህ ዶላር ነበር፡፡ በአዲሱ ሕግ ከአንድ ሚሊዮኑ በላይ ባለው 2 ሚሊዮን ላይ 4 በመቶ፣ ማለትም 80 ሺህ ዶላር ይጨመርበትና ድምሩ 230 ሺህ ይሆናል፡፡

በአንጻሩ የመኖሪያ ቤቱን የሚሸጥ ሰው ሥጋት በዘመቻው የተጋነነውን ያህል አይደለም፡፡ ባልና ሚስት በ300 ሺህ ዶላር የገዙትን ቤት በ1 ሚሊዮን 900 ሺህ ቢሸጡ ትርፉ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ነው፡፡ ለመኖሪያ ቤት ለባልና ሚስት የሚፈቀደው 500 ሺህ ሲቀነስ 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ይቀራል፡፡ የዓመት ደመወዛቸው 150 ሺህ ቢሆን ጠቅላላው 1 ሚሊዮን 250 ሺህ ስለሚሆን ተጨማሪው ግብር የሚያርፈው በ250 ሺሁ ላይ ብቻ ነው፡፡ ይኸውም 10 ሺህ ዶላር መሆኑ ነው፡፡ ሂሳቡን ሳይሠራ የሚጮኽ ሻጭም፣ ሂሳቡን ሳይሠራ የሚደሰት መራጭም ሁለቱም ይሳሳታሉ፡፡

ካዝናው ምን አገኘ?

ከምርጫው በፊት የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ግብሩ በ2023 ወደ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ያስገባል ብለው ገምተው ነበር፡፡ ግዛቲቱም ለመጀመሪያው ዓመት በጀት የመደበችው 1 ቢሊዮን ብቻ ነበር፡፡ በተግባር ግን በ2024 በጀት ዓመት ከ2.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገባ፡፡ በቀጣዩ ዓመትም ገቢው ወደ 3 ቢሊዮን ተጠጋ፡፡ ሕጉ ገንዘቡ ለትምህርትና ለትራንስፖርት እንዲውል ስለሚያዝ ለተማሪዎች ነፃ ምግብ፣ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነፃ ትምህርትና ለሕዝብ መጓጓዣ ተመድቧል፡፡

ከዚህ ተነሥተን ባለሀብት አይሸሽም ብንል ግን እንቸኩላለን፡፡ በ2023 እና በ2024 የአክሲዮን ገበያው ሽቅብ ይወጣ ነበር፡፡ አክሲዮን ሲወደድ ሻጭ ይበዛል፣ ትርፍም ይመዘገባል፡፡ ገበያው በተቀዛቀዘ ዓመት ይህ ግብር ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ይደርቃል፤ መምህሩና አውቶቡሱ ግን በየወሩ ይከፈላቸዋል፡፡ ለዚህም ነው ግዛቲቱ የገባውን ሁሉ በጀት ውስጥ ሳትከት በዓመት የምታወጣውን ወስና ቀሪውን በተጠባባቂነት የምታስቀምጠው፡፡ ድንበር ተሻግሮ ያለው ጎረቤት ኒው ሃምፕሻየር ደግሞ ከደመወዝ ግብር አይቆርጥም፤ በወለድና በአክሲዮን ድርሻ ላይ ይጥለው የነበረውንም ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ ሰርዟል፡፡ መኪናና የቤት ዕቃ ጭኖ በአንድ ሰዓት የሚደረስበት አገር ነው፡፡

ሰጥቶ መቀበል

የጥያቄ ቁጥር 1 ደጋፊ የነበሩት አገረ ገዥ ሂሊ ይህን የተረዱ ይመስላል፡፡ ሥልጣን በያዙበት በ2023 ጥቅምት ወር 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ የግብር ቅነሳ ሕግ ፈርመዋል፡፡ በአጭር ጊዜ በተሸጠ ንብረት ትርፍ ላይ የነበረው 12 በመቶ ወደ 8.5 በመቶ ዝቅ አለ፡፡ የውርስ ግብር የማይነካው መጠንም ከ1 ሚሊዮን ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፍ አለ፡፡ በሌላ በኩል ያው ሕግ አንድ ቀዳዳ ደፈነ፡፡ ለፌዴራል መንግሥት ግብራቸውን በአንድነት የሚያስታውቁ ባልና ሚስት ከ2024 ጀምሮ ለግዛቲቱም በአንድነት ማስታወቅ ግድ ሆነባቸው፡፡ እስከዚያ ድረስ ለየብቻ እያስታወቁ እያንዳንዳቸው የአንድ ሚሊዮን ጣሪያ ሊጠቀሙ ይችሉ ነበር፡፡ በዋናው ግብር ላይ ያለውም ጣሪያ ከኑሮ ውድነት ጋር ከፍ እያለ ይሄዳል፤ በ2025 የነበረው 1 ሚሊዮን 83 ሺህ 150 ዶላር ነው፡፡

የወረቀቱ ዕድሜ

ሌሎቹም ጥያቄዎች ነጋዴ ነክ ነበሩ፡፡ የጥርስ ሕክምና መድን ድርጅቶች ከሚሰበስቡት ዓረቦን ቢያንስ 83 በመቶውን ለሕክምና እንዲያውሉ መራጩ ወስኗል፡፡ የመጠጥ ፈቃድን የሚመለከተውን ለውጥ ጥሏል፡፡ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ስደተኞች መንጃ ፈቃድ እንዲያወጡ የሚፈቅደውን ሕግ አጽንቷል፡፡ ይህ የመጨረሻው በዚያ ግዛት የሚኖሩትን የብዙ አገር ስደተኞች የዕለት እንጀራ የሚነካ ነው፡፡

ይህ ሁሉ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ለመረዳት አንድ ነገር ብቻ እናስታውስ፡፡ በ1986 በተደረገ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ የማሳቹሴትስ ሕዝብ የግዛቲቱ የግብር ገቢ ከተወሰነ ልክ ካለፈ ትርፉ ለከፋዩ ይመለስ ብሎ ወስኖ ነበር፡፡ ሕጉ በ1987 አንድ ጊዜ ከሠራ በኋላ ተረሳ፡፡ ከ35 ዓመት በኋላ፣ ከ2022ቱ ምርጫ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ሕግ መሠረት 2.94 ቢሊዮን ዶላር ለግብር ከፋዮች መመለስ ጀመረ፡፡ በዚያን ጊዜ የነበሩት አብዛኞቹ ሹማምንት ከወንበራቸው ወርደዋል፤ ወረቀቱ ግን ሂሳቡን አልረሳም፡፡

እንግዲህ በዚያ አገር ገንዘቡን ያስቀመጠ፣ ዘመድ ያለው ወይም ንግድ ለመግዛት የሚያስብ አንባቢ በመጪዎቹ ምርጫዎች የዕጩዎቹን ፎቶግራፍ አይቶ ወረቀቱን አይጠፍ፡፡ ገልብጦ ጀርባውንም ያንብብ፡፡ አገረ ገዥ የሚመረጠው ለአራት ዓመት ነው፤ ግብር ግን ሕገ መንግሥት ውስጥ ከገባ የሚወጣው በሌላ ሕዝብ ድምፅ ብቻ ነው፡፡