ለቅጠል በል ዓሣ «በሞቴ» አይባልም

የልጅ ልጅ ወደ ቤት የሚያመጣው እንስሳ ውሻና ድመት ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ልጅ አኳሪየም የሚሉትን በውሃ የተሞላ የመስታወት ሳጥን ሳሎን ውስጥ ያስቀምጥና ዓሣ ያረባል። ከዚያ ለትምህርት ይወጣል፣ ለጻባም ይሄዳል። ዓሣዎቹን የማብላቱ ሥራ ቤት ለሚውሉት አያቶች ይቀራል። ስለዚህ ነገሩን ማወቅ ይበጃል፤ እነዚህን ዓሣዎች ከረሃብ ይልቅ ደግነት ነውና የሚጎዳቸው።

ሲክሊድ የሚባለው የዓሣ ወገን ለእኛ ባዳ አይደለም። በጎንደር በኩል የኖረ ሰው የጣናን ቆሮሶ ያውቀዋል። እዚህ ደግሞ የኪኔሬቱን አምኑን፣ ሙሽት የሚሉትን፣ ያየ ብዙ ነው። ሁለቱም የዚሁ ወገን ናቸው፤ ሁለቱም አልጌ የሚባለውን በውሃ ውስጥ ያለ ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ይበላሉ። ለሳሎን የሚገዙት ባለቀለሞቹ ግን ብዙዎቹ ዘራቸው ከማላዊ ሐይቅ ነው። እዚያ «ምቡና» የሚባሉት በድንጋይ መካከል ይኖራሉ፤ ድንጋዩ ላይ የተለጠፈውን አልጌ በጥርሳቸው እየፋቁ ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ይለቅማሉ።

የላምና የጅብ አንጀት አንድ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዓሣም እንዲሁ ነው። የቅጠል በሉ አንጀት ከራሱ ቁመት ብዙ እጥፍ የሚረዝም፣ የተጠቀለለ ነው፤ የሥጋ በሉ ግን አጭር ነው። ቅጠል በሉን የበሬ ልብ ወይም በሱቅ የሚሸጠውን ቀይ ትል ቢያበሉት በደስታ ይውጠዋል፤ ሲደጋገም ግን ሆዱ ሊነፋ ይችላል። ምግብ እምቢ ማለት፣ ጥግ ይዞ መደበቅ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ነጭ ክር የመሰለ ዓይነ ምድር መጣል የበሽታው ምልክቶች ናቸው። እነዚህ ከታዩ ምግቡን አቁሞ በፍጥነት የዓሣ ሐኪም ወይም አዋቂ መጠየቅ ነው፤ ሲቆይ ብዙውን ጊዜ አይድንም።

ታዲያ ምን ይብሉ? ዋናው ምግባቸው ስፒሩሊና ያለበት ደረቅ ምግብ ቢሆን ጥሩ ነው። ስፒሩሊናም ከአገር ቤት የራቀ ነገር አይደለም፤ በቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ የሚታወቅበትን ቀለም የሰጠው ይኸው ደቃቅ ነገር ነው። ሲገዙ ልጁ በማሸጊያው ላይ ያለውን ዕብራይስጥ ያንብብላችሁ። መጀመሪያ የተጻፈው በብዛት የገባው ስለሆነ፣ ከፊት የአትክልት ወይም የአልጌ ስም መኖሩን ይይ።

ከወጥ ቤትም የሚሰጥ አለ። ኪሹ፣ ሰላጣ፣ ስፒናች ይሆናል፤ አተርም ልጣጩ ተነሥቶ ይሆናል። አንድ ሁለት ደቂቃ በፈላ ውሃ ማለስለስ፣ በደንብ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ወደ ታች እንዲሰጥም ከትንሽ ንጹሕ ድንጋይ ጋር ማሰር ነው። ጨው፣ ዘይትና ቅመም አይነካውም። የተረፈውን ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያውጡት። እንጀራና ዳቦ ግን አይስጧቸው፤ ውሃውን ያበላሻል፣ ለሆዳቸውም አይስማማም።

ከምግቡ ዓይነት ይልቅ የሚከብደን መጠኑ ነው። እኛ እንግዳን «በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ» ብለን ያደግን ሰዎች ነን። ዓሣ ደግሞ ሰው ባየ ቁጥር ወደ መስታወቱ ይሮጣል፣ አፉን ይከፍታል፤ ያልበላ ይመስላል። አይዘኑለት፣ አሁን በልቶም እንዲያው ነው የሚያደርገው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ይበቃል። የተረፈው ታች ወርዶ ይበሰብስና አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል፤ ውሃው ጥርት ያለ መስሎ እንኳ ዓሣውን ይገድላል። ያደገና ጤነኛ የሆነ ዓሣ በሳምንት አንድ ቀን ሳይበላ ቢውል ምንም አይሆንም፤ እንዲያውም ሆዱ ያርፋል።

አንድ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ሱቅ ውስጥ ሲክሊድ የተባለ ሁሉ ቅጠል በል አይደለም። ኦስካር የሚባለው ትልቁ ዓሣ ለምሳሌ ሥጋ በል ነው። ልጁ ዓሣዎቹን ትቶ ሲሄድ «ይህ ስሙ ማነው? ምን ይበላል?» ብሎ መጠየቅ፣ ስማቸውንም ወረቀት ላይ ማስጻፍ ይገባል።

ፋሲካ ሲደርስም የዓሣው ቆርቆሮ አይረሳ። ብዙው ደረቅ የዓሣ ምግብ የስንዴ ዱቄት አለበት፤ ሐሜጽ ነው ማለት ነው። ለቅጠል በል ዓሣ መላው ቀላል ነው፤ ያንን ሳምንት ኪሹና ሰላጣ ይበላል።

መጠኑን ላለመሳት አንድ ዘዴ አለ። ብዙዎቻችን የሳምንት መድኃኒት የምናስቀምጥባት ባለሰባት ክፍል ሳጥን አለችን። ሌላ አዲስ ሳጥን ተገዝቶ፣ ከመድኃኒቱ ጋር እንዳይምታታ «የዓሣ» ተብሎ ይጻፍበት። ልጁ ስድስቱን ቀን ይሙላው፣ አንዱን ቀን ባዶ ይተወው። የቀኑ ድርሻ ካለቀ አለቀ ነው፤ ዓሣው ቢለምንም አይጨመርለትም።