ከአንትዋን ሁቤር ሞት በኋላ ምን ተለወጠ?

ፎርሙላ 1ን በዲኤስቲቪ የሚከታተል ወጣት በአዲስ አበባው ልደታም አይጠፋም። ሃሚልተንን፣ ቬርስታፐንን፣ ሌክለርን በስማቸው ይጠራል፤ ስለ መኪኖቹም አፉን ሞልቶ ያወራል። አንትዋን ሁቤር ማን ነበር ቢባል ግን የሚመልሰው ጥቂቱ ነው። ሁቤር ፎርሙላ 1 ሳይደርስ፣ ከዚያ አንድ ደረጃ ዝቅ በሚለው በፎርሙላ 2 ውድድር ላይ በ22 ዓመቱ የሞተ ፈረንሳዊ ነው። ዛሬ በስክሪን የምናያቸው መኪኖችና መንገዶች ለምን እንዲህ ሆኑ ለሚል ሰው መልሱ ያለው በእሱና ከእሱ በፊት በሞቱት ልጆች ታሪክ ውስጥ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ አገር እንዲህ ያለ ውድድር ሥር አልያዘም። በንጉሡ ዘመን «ሃይላንድ ራሊ» የሚባል የረጅም ርቀት ውድድር ነበር፤ እሱ ግን በተለመዱ መኪኖች፣ በአገር መንገድ ላይ የሚደረግ ነው። በእንግሊዝ ብዙ የመወዳደሪያ ሜዳዎች የተፈጠሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራ ከፈቱ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ነው። በ1950 የመጀመሪያው የፎርሙላ 1 የዓለም ሻምፒዮና ውድድር የተካሄደበት የእንግሊዙ ሲልቨርስቶን እንዲህ ያለ ማረፊያ ነበር። ልደታም ከቦሌ በፊት የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ነበረባት፤ ከዚያ የቀረልን ግን «አሮጌ ኤርፖርት» የሚለው የሰፈር ስም ነው።

ወደ መኪኖቹ እንምጣ። እነዚህ መኪኖች ፓራፋንጎ የላቸውም። አራቱም ጎማዎች ከአካሉ ውጭ ወጥተው ይታያሉ፣ ሹፌሩም ጣሪያ በሌለው ጠባብ ቦታ ወደ ኋላ ተንጋሎ ይቀመጣል። አደጋው የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ታክሲና የቤት መኪና ጎን ለጎን ሲተሻሹ ላሜራ ይጨረመታል። ሁለት ያልተሸፈኑ ጎማዎች በፍጥነት ላይ ሲነካኩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከፊት ያለው መኪና የኋላ ጎማ በጀርባው በኩል ወደ ላይ ይሽከረከራል፤ የተከታዩ የፊት ጎማ ደግሞ በፊቱ በኩል ወደ ታች። ሲገናኙ ጎማ ጎማን ይይዛል፣ ተከታዩ መኪና ከፊተኛው ላይ ተፈናጥሮ አየር ላይ ይወጣል።

ሌላው አደጋ ከመኪና ተነቅሎ የሚበር ጎማ ነው። ሐምሌ 2009 በእንግሊዝ ብራንድስ ሃች ሄንሪ ሰርቲስ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ በፎርሙላ 2 ሲወዳደር፣ ከፊቱ የነበረ መኪና ከግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ጎማው ተነቀለ። ጎማው ነጥሮ ተመለሰና የሄንሪን የራስ ቁር መታው። ልጁ በዚያው ዕለት ሞተ። አባቱ ጆን ሰርቲስ በ1964 የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን የነበሩ፣ በሞተር ሳይክልም በመኪናም የዓለም ሻምፒዮን የሆኑ ብቸኛው ሰው ናቸው። እሳቸው የተወዳደሩበት ዘመን ሹፌሮች እንደ ቅጠል የሚረግፉበት ነበር፤ እሳቸው ከዚያ ተርፈው ልጃቸውን ቀበሩ። ቤተሰቡ የሄንሪን የአካል ክፍሎች ለታማሚዎች ሰጠ፣ በስሙም በአደጋ የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸውን የሚረዳ ፋውንዴሽን ተቋቋመ። ሳምንት ሳይሞላ የፎርሙላ 1 ሹፌሩን ፌሊፔ ማሳን ሃንጋሪ ላይ ከሌላ መኪና የወለቀ ስፕሪንግ ራሱን መታው፤ እሱ ዳነ።

የሹፌሩ ራስ ምንም ከለላ የለውም የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልተዘጋም። በጥቅምት 2014 ጃፓን ሱዙካ ላይ በዝናብ የፈረንሳዩ ጁል ቢያንኪ መኪና ተንሸራቶ፣ ሌላ መኪና ሊያነሳ የገባ ክሬን ውስጥ ተሰነቀረ። ቢያንኪ ዘጠኝ ወር ራሱን ሳያውቅ ቆይቶ በሐምሌ 2015 በ25 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ዓመት አዲስ ደንብ ወጣ፦ መንገዱ ላይ አደጋ ሲኖር ሁሉም ሹፌር በታዘዘው መጠን ፍጥነቱን እንዲቀንስ ከመቆጣጠሪያ ክፍል ይታዘዛል። እስከዚያ ድረስ ቢጫ ባንዲራ ቢውለበለብም ምን ያህል ይቀነስ የሚለው በአብዛኛው ለሹፌሩ ውሳኔ የተተወ ነበር።

በ2018 ደግሞ «ሄይሎ» መጣ። ከሹፌሩ ራስ በላይ እንደ ቀለበት የሚዞር፣ ከፊት በአንድ ምሰሶ የቆመ የታይታኒየም ብረት ነው። ክብደቱ አሥር ኪሎ አይሞላም፣ የሚሸከመው ግን 12 ቶን ገደማ ነው። ብዙዎች አስቀያሚ ነው ብለው ነቀፉት፤ ከነቃፊዎቹ አንዱ ሮማን ግሮዣን ነበር። በኅዳር 2020 ባህሬን ላይ የግሮዣን መኪና የብረት አጥሩን ሰንጥቆ ገብቶ ለሁለት ተከፈለና በእሳት ተያያዘ። አጥሩን ከራሱ ላይ የመለሰለት ሄይሎው ነው። ከእሳቱ በራሱ እግር ወጣ፣ ያለ እሱ ዛሬ እናንተን አላናግርም ነበር ሲልም ተናገረ።

የሁቤር መኪናም ሄይሎ ነበረው። ስለዚህ የእሱ ሞት ከሌሎቹ ይልቅ ከባድ ጥያቄ ጥሎ አለፈ።

ቀኑ ነሐሴ 31 ቀን 2019፣ በእኛ ነሐሴ 25 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ቦታው የቤልጅየሙ ስፓ ፍራንኮርሻምፕ። ሁቤር በቀደመው ዓመት ከፎርሙላ 2 በታች ያለው የጂፒ3 ውድድር ሻምፒዮን፣ የሬኖ የወጣቶች አካዳሚ ልጅ፣ በዚያው የውድድር ዘመን ሞናኮና በገዛ አገሩ ፖል ሪካር ላይ ያሸነፈ ተስፈኛ ነበር። ስፓ ላይ «ኦ ሩዥ» እና «ራዲዮን» የሚባሉ ተያያዥ መታጠፊያዎች አሉ፤ ከቁልቁለት ወርደው ወዲያው ሽቅብ የሚወጡ ናቸው። ሹፌሩ ሽቅቡን ሲወጣ ከአናቱ ማዶ ያለውን አያይም። በሁለተኛው ዙር ጁሊያኖ አሌሲ እዚያው መኪናው አመለጠው። ሁቤር እሱን ሸሽቶ ወደ ቀኝ ሲያጥፍ ከሌላ መኪና ጋር ተነካካና ከአጥሩ ጋር ተጋጨ፤ አጥሩም መልሶ ወደ አስፋልቱ ወረወረው። ከኋላ የመጣው ሁዋን ማኑኤል ኮሬያ የአሌሲን መኪና ስብርባሪ ረግጦ መሪው አልታዘዝ ስላለው፣ ቆሞ የቀረውን የሁቤርን መኪና በሰዓት 218 ኪሎ ሜትር በጎኑ መታው። ሁሉም የሆነው ከ15 ሰከንድ በማይበልጥ ጊዜ ነው። ሁቤር ሞተ። ኮሬያ ሁለት እግሩ ተሰበረ፣ ለሳምንታት በሕክምና እንዲተኛ ተደረገ፤ ከብዙ ቀዶ ሕክምና በኋላ በ2021 ወደ ውድድር ተመለሰ።

የዓለም አቀፉ የመኪና ፌዴሬሽን የምርመራ ውጤት በቀጣዩ ዓመት የካቲት ወጣ። መርማሪዎቹ ጣታቸውን በአንድ ሹፌር ላይ አልቀሰሩም። የመኪኖቹን መረጃ፣ የካሜራ ምስሉን፣ የግጭቱን ማዕዘን በሰከንድ ክፍልፋይ ለይተው፣ ውጤቱ የአንድ ነገር ሳይሆን የብዙ ነገሮች ድምር ነው አሉ። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። ጥፋተኛ ብቻ ፈልገው ቢሆን ኖሮ አንድ ወጣት ተቀጥቶ መንገዱ እንዳለ ይቀር ነበር። ዓይን ከአንድ ሹፌር ላይ ሲነሣ ግን መንገዱ ራሱ ይታያል፦ ከአጥሩና ከአስፋልቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ጠባብ ነበር፣ የተጋጨውን መኪና መልሶ ወደ መሀል ይተፋ ነበር። ለ2022 ውድድር ስፓ ሲታደስ በራዲዮን አጥሩ ወደ ኋላ ተገፋ፣ ባዶው ቦታም ሰፋ።

አበቃ ማለት ግን አይደለም። በሐምሌ 2023 እዚያው አካባቢ፣ ከራዲዮን በኋላ ባለው ቀጥተኛ መንገድ ላይ፣ በዝናብ ዲላኖ ፋንት ሆፍ የተባለ የ18 ዓመት ሆላንዳዊ ሞተ። ያልተሸፈኑ ጎማዎች ከእርጥብ አስፋልት የሚረጩት ውሃ እንደ ጉም ስለሚሆን የኋለኛው ሹፌር ምንም አያይም። አጥር ማራቅ ለዚህ አይበቃም። በእኔ እምነት እይታ እንዲህ ሲጠፋ ውድድሩን ማቆም ሊያከራክር አይገባም፤ በተለይ ተወዳዳሪዎቹ ገና ልጆች ሲሆኑ።

ሁቤር ዛሬም ይታወሳል። በሞተ በማግስቱ በዚያው ሜዳ ላይ ሻርል ሌክለር የመጀመሪያ የፎርሙላ 1 ድሉን አገኘ፤ ከልጅነቱ አብሮት ለተወዳደረው ጓደኛው አበረከተለት። ለሌክለር እንዲህ ያለው ሐዘን የመጀመሪያው አልነበረም፤ ቢያንኪ የክርስትና አባቱ ነበር። በ19ኛው ዙር ተመልካቹ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ 19 የሁቤር መኪና ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፎርሙላ 2 ወጣ፣ ለማንም አይሰጥም። በየዓመቱ ምርጥ ለሆነው አዲስ ተወዳዳሪ በስሙ ሽልማት ይሰጣል፤ የመጀመሪያውን የወሰደው ቻይናዊው ጁ ጓንዩ ነው። ጁ በ2022 ሲልቨርስቶን ላይ መኪናው ተገልብጦ በጀርባው ተንሸራተተ፤ ሄይሎው ራሱን ጠብቆለት ያለ ጉዳት ወጣ።

ወደ እኛው እንመለስ። ልደታ ሲባል ለብዙው አዲስ አበቤ ቀድሞ የሚታወሰው ፍርድ ቤቱ ነው። በመኪና አደጋ ሰው ሲሞት የእኛም መንገድ በአብዛኛው ወደዚያው ነው፦ ሹፌሩ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ይከሰሳል፣ ይፈረድበታል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ተጠያቂነት የግድ ነው። ነገር ግን ያ መታጠፊያ፣ ያ መብራት የሌለው ዜብራ እንዳለ ይቀራል። የለገሃር መስቀለኛ መንገድ በቀለምና በመጠለያ ደሴት ተስተካክሎ እግረኛው የሚያቋርጠው ርቀት እንዲያጥር መደረጉ፣ እዚህም መንገዱን ራሱን ማረም እንደሚቻል ያሳየ ሥራ ነው።

ስለዚህ በሰፈራችሁ ልጅ በመኪና ሲሞት ከአርባውና ከሙት ዓመቱ ጋር አንድ ነገር ጨምሩ። እድሩ ተፈራርሞ ለወረዳውና ለትራፊክ ማኔጅመንት ማመልከቻ ያስገባ፦ ልጁ የሞተበት ቦታ ይጠና፣ ጉድለቱም ይስተካከል።