የዳንግላ ጉድጓድና የዩኒቨርሲቲው መድረክ

እ.ኤ.አ. በ2014 በዳንግላ ወረዳ፣ ዳንግሽታ ቀበሌ ነዋሪዎች አንድ ሥራ ተረከቡ። ሜትሩን ወደ ጉድጓዱ አውርደው ውሃው ከአፉ ምን ያህል እንደራቀ ያነባሉ፤ ጓሮ የተተከለውን የዝናብ መለኪያ ያያሉ፤ ወንዝ ዳር ከቆመው ምልክት ላይ የውሃውን ከፍታ ይመዘግባሉ። ጥናቱን የመሩት የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ነው። በ2016 በጆርናል ኦፍ ሃይድሮሎጂ በወጣው ጽሑፍ የገበሬዎቹ ልኬት ከመደበኛ የመረጃ ምንጮች የማያንስ ሆኖ ተገኘ። ስለ አገራችን የምርምር መድረክ ባሰብኩ ቁጥር ይህ ጉድጓድ ከዓይኔ አይጠፋም።

ዕውቀትን በሰው ፊት ማቅረብ ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። ዳንግላ ያለበት ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የተጠራው በጉባኤያቸው ነው። ተማሪው ዛፍ ሥር ሲቆጥር ይውልና የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ቤቱ ካልመታ፣ ምሥጢሩ ካልሰመረ እዚያው ባልንጀሮቹ እየሰሙ ይታረማል። የዛሬው ተመራቂ ተማሪ በፈታኞች ፊት ላቡን እየጠረገ የሚያልፍበት “ዲፌንስ” የዚህ ጉባኤ የቅርብ ዘመድ ነው። ልዩነቱ የቅኔው ጉባኤ ሰሚና ተናጋሪ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ሙያ የሚጋሩ መሆናቸው ነው።

ዘመናዊው መድረክ የተዘረጋው በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተና ታሪኩም፣ ቋንቋውም፣ ባህሉም አንድ ቤት አገኘ። የሚገርመው ግን የኢትዮጵያ ጥናት የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የተካሄደው በ1959 ሮም ላይ ነው፤ ሁለተኛው ማንቸስተር። አዲስ አበባ የደረሰው በ1966፣ በሦስተኛው ዙር ነበር። ስለ እኛ የሚወራበት ትልቁ ጉባኤ ቤታችን እስኪመጣ ሰባት ዓመት ፈጀ። ሃያኛው በ2018 መቀሌ ላይ ሆነ። በ2010 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ ደግሞ ጉለሌ በሚገኘው በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ቅጥር ግቢ ከሕክምና እስከ ግብርና ለማንም ክፍት የሆኑ ንግግሮችን ያዘጋጃል።

ለዳንግላ የሚቀርበው ትልቅ መድረክ ባሕር ዳር ነው፤ በአስፋልቱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1963 የተከፈተው ፖሊቴክኒክና በ1972 የተከፈተው የመምህራን ትምህርት ተቋም በ2000 ተዋሕደው የተፈጠረ ነው። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ በየዓመቱ ዓለም አቀፍ ኮንፈረንስ ያዘጋጃል። በደቡብ በኩል ደግሞ ዳንግላም በሚገኝበት በአዊ ዞን ውስጥ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አለ።

በእነዚህ አዳራሾች ስለ አዊ የሚነገረው ብዙ ነው። ስለ አንድ ዛፍ ብቻ ልናገር። በዞኑ በፋግታ ለኮማ ወረዳና በአካባቢው ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ መሐል ጤፍ ይዘራል፤ ዛፉ ሲደርስ ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ መሬቱም ለሚቀጥለው ዙር ይመለሳል። ለአፈር ተመራማሪው ይህ አሲዳማ መሬትን የማዳን ጥያቄ ነው፤ ለምጣኔ ሀብት ባለሙያው የገቢ፤ ለአየር ንብረት አጥኚው የጭስና የደን። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዛፉን የዝገት በሽታ ሲመታው የዕፅዋት በሽታ አዋቂዎችም ገቡበት። አንድ ማሳ አራት ትምህርት ክፍል አስነሣ። ገበሬው ግን “በሽታው ምንድን ነው? ልንቀለው ወይስ ልጠብቅ?” ብሎ የሚጠይቅበት አዳራሽ የለውም።

የቋንቋ ጥናቱም እንዲሁ ነው። ሮበርት ሄትዝሮን ስለ አዊኛ ግሥ የጻፈው መጽሐፍ በ1969 ወጣ፤ ከአገው ቋንቋዎች ጥናት አንጋፋ ሥራዎች አንዱ ነው። ዛሬ አዊኛ በዞኑ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ነው። ያም ሆኖ ዩኒቨርሲቲው የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛን አልነቅፍም፤ ለዓለም የሚቀርብ ሥራ ዓለም በሚሰማው ቋንቋ መቅረብ አለበት። ግን ባነሩ ተሰቅሎ፣ ፕሮጀክተሩ በርቶ፣ አቅራቢው በአሥራ አምስት ደቂቃ ሃያ ስላይድ ሲያሳልፍ፣ መረጃውን የሰጠችው ገበሬ ስሟ “ተሳታፊ” ተብሎ ብቻ ይቀራል። ጥያቄው ሲደርስ ሰዓት አልቆ ሻይ ይቀርባል።

ሕዝብ ራሱ የሚጠራው መድረክ ግን ሌላ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር ፈረስ ጉግሱ ብቻውን አይመጣም፤ ምሁራን ስለ ማኅበሩ ታሪክና ባህል የሚናገሩበት ውይይትም አብሮ ይዘጋጃል። እዚያ ሽማግሌው ተነሥቶ ፕሮፌሰሩን ያርማል። እንዲህ ያለ ሰሚ ያገኘ ጥናት ይጠራል እንጂ አይጎድልበትም።

ባለፉት ዓመታት በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዱን ከባድ አድርጎታል፤ ተመራማሪውም ገበሬውም እንደ ወትሮው አይገናኙም። ሰላም ሲመለስ፣ ለባሕር ዳርና ለእንጅባራ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። በዳንግላ የምትሠሩትን ጥናት ከማጠናቀቃችሁ በፊት አንድ የገበያ ቀን መርጣችሁ በአማርኛና በአዊኛ እዚያው ንገሩት፤ ልኬቱን የወሰዱትን ሰዎችም ከፊት አስቀምጧቸው።