ፊውዙን የሚያቃጥለው ማነው?

ፊውዝ ተቃጠለ ማለት መኪናዋ ከባሰ ነገር ተረፈች ማለት ነው። ከ12 ቮልት ባትሪ የሚመጣ ፖዘቲቭ ሽቦ ላስቲኩ ተልጦ ሻንሲውን ሲነካ፣ ማለትም ኮንታክት ሲፈጠር፣ የሚያግደው ነገር ስለሌለ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ሊፈስበት ይችላል። ባለ 10 አምፔሩ ቀይ ፊውዝ ቀድሞ ባይበጠስ የሚቀልጠው ሽቦው ነበር። «ቶሎ ቶሎ እየተቃጠለ አስቸገረኝ» ብሎ በ30ው አረንጓዴ መተካት፣ ይባስ ብሎም በሽቦ ማገናኘት፣ እሳቱን ከፊውዝ ሳጥን አውጥቶ ሞተር ላይ መልቀቅ ነው።

ሥራውን የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ፊውዝ እየቀያየረ አይፈትሽም። በፊውዙ ቦታ ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል ያገናኛል። አምፖሉ ከ2 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ሽቦው አይጎዳም፤ ኮንታክት ካለ ደግሞ ቦግ ብሎ ይበራል። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ እንደ ነዳጅ ፓምፕ ያለ ብዙ የሚስብ ጤነኛ ዕቃም ሊያበራው ይችላል። ስለዚህ በዚያ ፊውዝ የሚሠሩትን ዕቃዎች ሶኬት ሁሉ መንቀል ነው። አሁንም ቦግ እንዳለ ከቀረ ችግሩ ሽቦው ላይ ነው። የታሰረውን ሽቦ በማርሚታው አጠገብ፣ በብረት ጠርዝ ላይ፣ አላርም ወይም ጂፒኤስ በተቀጠለበት ቦታ እያነቃነቁ አምፖሉን ማየት ነው። ብልጭ ድርግም ያለበት ቦታ ይፈታል። አይጥ የቀረጠፈው ሽቦም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንዲህ ነው።

ገንዘብ የሚያስጨርሰው ግን ፊውዝ የማያቃጥለው ኮንታክት ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ለብዙ ሴንሰሮች 5 ቮልት በጋራ ያድላል። አንዱ ሴንሰር ውስጡ ከተገናኘ የሁሉም 5 ቮልት ይወድቃል። ዲያግኖስቲክ ማሽኑም የተጎዱትን ሁሉ ጥፋተኛ አድርጎ ይዘረዝራል፤ ባለመኪናው ዝርዝሩን ይዞ ሴንሰር ሊገዛ ይሄዳል። ማሽኑ አልዋሸም፣ የተጠየቀውን ብቻ ነው የመለሰው። ቁልፉን ከፍቶ፣ የአንዱን ሴንሰር 5 ቮልት በቴስተር ይዞ ሌሎቹን በየተራ መንቀል ከግዢው ይቀድማል። ንባቡ ከዜሮ አካባቢ ወደ 5 ሲመለስ መጨረሻ የተነቀለው ተያዘ። በአንዳንድ መኪኖች የኤሲ ጋዝ ግፊት ሴንሰርም በዚሁ መስመር ላይ ስለሚገኝ፣ ማንም ያልጠረጠረው ኤሲ ሞተሩን ሊያስቆመው ይችላል።

ሁሉም ተነቅለው ቮልቱ ካልተመለሰ ባትሪው ይፈታል፤ የኮምፒውተሩም ሶኬት ይነቀልና ሽቦው ከሻንሲው ጋር መገናኘት አለመገናኘቱ በቴስተር ይለካል። ኮምፒውተሩን መጠርጠር የሚቻለው ሽቦው ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ነው።